ትርፍ አልለመንኩም

ጥቅምት 4

ደመና ዋለ። ልብሱ አልደርቅ ብሎ፣ የኋላ ክፍል ገመድ ላይ እንዳኮረፈ ሰው ራሱን ደፍቶ ተንጠልጥሏል። ማጠቢያ ማሽኑ አራት ጊዜ ብቻ ዞረ። ከአንድ ሱሪ ኪስ የእርሳስ ቁራጭ ወጣ። ከሌላው ታጥቦ ታጥቦ «ውዴ» የምትለው ቃል ብቻ የቀረችበት ወረቀት። ወረቀቷን ለእንፋሎት ሰጠሁት።

«ይቺን ልተኩሳት ወይስ ላልቅስላት?» አለኝ።

እንፋሎት ብላ ስም ያወጣችለት ልጄ ናት። ካውያውን እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያሳርፍ ራሱ ይጠፋል፣ ድምጹ ብቻ ይሰማል። ባለቤቴ ሚያዝያ ላይ ካረፈች በኋላ ነው ለመተኮስ የቀጠርኩት። እጁ ጥሩ ነው። አፉም… አይዘጋም እንጂ ጥሩ ነው።

ልጄ ከትምህርቷ ስትመለስ በሱቁ አለፈች። የመድኃኒት ቤት ሙያ፣ ሁለተኛ ዓመት። ነጭ ጋዋኗን አጥፋ ክንዷ ላይ ጣል አድርጋለች። «አባዬ፣ ምሳ በላህ?» በላሁ አልኳት። አልበላሁም። ለምን ዋሸሁ?

ድሮ የቀኑን ውሎ የማወራው ለእሷ ነበር፣ ለባለቤቴ። አሁን በየምሽቱ ለዚህ ደብተር። ደብተር ክፉ አይደለም። ግን «እሺ፣ ከዚያስ?» አይልም።

ጥቅምት 17

ሳሙና ጨመረ። ላስቲክ ጨመረ። ያልጨመርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ጥቅምት 30

ወር መዝጊያ።

አንድ ሺህ አንድ መቶ ኪሎ አጥበናል። ኪሎው በአርባ አምስት ብር። ሳሙናው፣ ውሃው፣ መብራቱና ላስቲኩ ተደማምረው ከእያንዳንዱ ኪሎ ሃያ አምስቱን ይወስዳሉ። ከተረፈው ላይ ኪራይ አሥር ሺህ። የማሽኑ ዕዳ ስምንት ሺህ። የእንፋሎት ደሞዝ ሰባት ሺህ። የቤታችን ቀለብ አምስት ሺህ። ደመርኩ፣ ቀነስኩ። ስምንት ሺህ ጎደለ። ምናልባት የጎደለው ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩት ትምህርት ይሆናል ብዬ እንደገና ደመርኩ። ጎደለ።

የማይገባኝ ይሄ ነው። ማሽኑ ያው፣ ዋጋው ያው፣ ደንበኛው ያው። እሷ እያለች በዚሁ ኪሎ ወር ከወር እንደርስ ነበር። ሀብታም አንሆንም፣ ግን አንጎድልም። መሳቢያው እንደ ጥሩ ምንጭ ነበር… አይፈስ፣ አይደርቅ። አሁን ምን ነካው? በረከቱን ይዛው ሄደች?

ለክፉ ቀን ያልነው ገንዘብ ባለፈው ወር አለቀ። የቀረው የቁልፍ ቆርቆሮው ነው። የብስኩት ቆርቆሮ ናት። ከላይ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የኮት ቁልፍ፣ በዓይነት በዓይነቱ በክር የሰካቻቸው። የደንበኛ ልብስ ቁልፍ ጎድሎት ካየች ሳትጠየቅ ትተክል ነበር፤ ዋጋም አታነሳም። ከቁልፎቹ ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ሃያ ሺህ ብር። የልጃችን ነው። አሥራ አምስቱ ለየካቲት ምዝገባ፣ አምስቱ ለመጽሐፍ። «ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ይቺን እንዳትነካ» ብላኝ ነበር።

ቤቱ አልተቃጠለም። ስምንት ሺህ ቆጥሬ አወጣሁ። ቁልፎቹን መልሼ ስደፋቸው የጮሁት ጩኸት… ጎረቤት የሰማ መሰለኝ።

ጸለይኩ። ጌታዬ፣ ትርፍ አልለምንህም። ፎቅ አላልኩህ፣ መኪና አላልኩህ። እኩል ብቻ አድርገኝ። የገባው ከወጣው እኩል ይሁንልኝ። ይሄ ምን ይከብድሃል?

ጸሎት ላይ «ምን ይከብድሃል» ይባላል? ይቅር በለኝ።

ኅዳር 2

ከመንገዱ ማዶ ያለው አጣቢ በኪሎ አርባ ብር ነው የሚያስከፍለው አሉ። እኔም አርባ ልላ! ሰው ሲበዛ ኪሎው ይበዛል፣ ኪሎው ሲበዛ ጉድለቱ ይሞላል። ሰሌዳውን ራሴ ጻፍኩት። አራቷ ትንሽ ጠመመች።

እንፋሎት ከጭሱ ውስጥ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።»

«አንተ ዝም ብለህ ተኩስ።»

«ልተኩስ ነው። ግን የማዶው ሰውዬ ሱቁ የራሱ ነው እኮ። ኪራይ የሚባል ጉድ አያውቅም።»

«ደንበኛ ሲሞላ ታያለህ።»

«አያለሁ። እስከዚያ ግን ዶሮዋን አደራ።»

ሳቅኩ። ከሳቅኩ ስንት ቀኔ!

ኅዳር 16

ሞላ! አግዳሚው ላይ ቦታ ጠፍቶ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ከሚዛኑ መንጠቆ ላይ ላስቲክ አይወርድም። ወገቤ ተቆረጠ፤ ግን ደስ ይላል። ልጄም ከትምህርት መልስ ልብስ አጠፈችልን። መዝሙረ ዳዊቴን ከፍቼ አመሰገንኩ።

ኅዳር 30

አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ። ከአምናም ከካቻምናም ይበልጣል።

የጎደለው አሥራ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ።

እንዴት? ብዙ ሠርቼ እንዴት ብዙ ይጎድላል? ወንፊት በውሃ እየሞላሁ ነው? በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ…

ቆርቆሮውን ከፈትኩ። የቀረው ሰባት መቶ ሃምሳ ብር ነው። ጨርቁን መልሼ ስቋጥረው ምንም ያለበት አይመስልም። ልጄ እቤት አልነበረችም። ባትኖር ይሻላል ብዬ ነው የጠበቅኩት? አዎ።

ዛሬ አልጸለይኩም። ምን ብዬ?

ታኅሣሥ 3

የሂሳብ ሠራተኛው መጣ። በየሳምንቱ አምስት ነጭ ሸሚዝ የሚያመጣው፣ ሰው አክባሪ ወጣት። ሰሌዳውን አየና «ጋሼ፣ ዋጋ ቀነሱ። ገበያው ደራ ማለት ነው?» አለኝ።

«ደርቷል። ደርቶ ነው የገደለኝ።»

ለምን እንደነገርኩት እንጃ። አፌ ከተከፈተ አልዘጋ አለ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ከቆርቆሮው በቀር። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ያን የእርሳስ ቁራጭ ከጠረጴዛው አንስቶ ካርቶን ላይ ይጽፍ ጀመር።

«አንድ ኪሎ ልብስ በድሮው ዋጋ አርባ አምስት ብር ይዞ ይገባል። ሃያ አምስቱን ሳሙናና ውሃ ይበሉታል። ስንት ቀረው?»

«ሃያ።»

«ያ ሃያ ብር ተሸካሚዎ ነው ይበሉት። ቢያጥቡም ባያጥቡም ወሩ ሲያልቅ የሚጠብቅዎት ሸክም አለ፤ ኪራይ፣ ዕዳ፣ ደሞዝ፣ ቀለብ። ስንት ይሆናል?»

«ሠላሳ ሺህ።»

«ስንት ተሸካሚ ያነሳዋል?»

ማካፈል ድሮም ይከብደኛል። በጣቴ ጠረጴዛው ላይ እየጻፍኩ ደረስኩበት። አንድ ሺህ አምስት መቶ።

«በቃ፣ አንድ ሺህ አምስት መቶኛው ኪሎ ላይ አያተርፉም፣ አይከስሩም። እኩል ነዎት። ከዚያ በታች የቆሙ ዕለት ጉድጓድ ውስጥ ነዎት፤ ከዚያ በላይ ያለው ኪሎ ነው የሚያተርፍልዎት።»

እኩል አለ። እኔ የምጸልይበትን ቃል! የምጸልይበት ቦታ ቁጥር እንዳለው አላውቅም ነበር።

«ዋጋውን ሲቀንሱ ደግሞ» አለ፣ «ሃያ የሚሸከመውን አሥራ አምስት አደረጉት። አሁን እኩል ለመሆን ሁለት ሺህ ኪሎ ያስፈልግዎታል። መቶ ሃምሳ ኪሎ ቀርቤያለሁ ሲሉ ነጥቡ ራሱ አምስት መቶ ኪሎ ሸሸዎት።»

እንፋሎት ከኋላ «ዶሮዋ!» አለ። ዞር ብዬ አላየሁትም።

«ቆይ ግን» አልኩ፣ «ድሮ በአንድ ሺህ አንድ መቶ ምናምን ወር ከወር እንደርስ ነበር እኮ።»

«ድሮ ማን ነበር የሚተኩሰው?»

«ባለቤቴ።»

«ስንት ይከፍሏቸው ነበር?»

ሳቅኩ። «ሚስቴን?»

እሱ አልሳቀም። ከሠላሳው ሺህ ላይ ሰባት ሺህ ቀንሶ ሃያ ሦስት ጻፈ። ለሃያ አካፈለ። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ሱቁ ያኔም እኩል አልነበረም። እሳቸው ናቸው በየወሩ ሰባት ሺህ ብር ሲጨምሩበት የኖሩት።»

ሸሚዞቹን ይዞ ሄደ። የአንዱ እጅጌ ቁልፍ ጎድሎት ነበር። አየሁት። አልተከልኩለትም።

ሰሌዳውን አውርጄ አርባ አምስት ብዬ ጻፍኩ።

ታኅሣሥ 4

በረከት ያልኩት ጉልበቷን ነው።

ከጠዋት እስከ ማታ በግራ እግሯ ተደግፋ፣ ግራ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትተኩስ ነበር። ወር ሲዘጋ ደብተሩን አሳያታለሁ። «ተመስገን፣ እኩል ነን» እላታለሁ። «ተመስገን» ትላለች። ምን ነበር የምታስበው ያኔ?

እና ሌላ ሃሳብ መጣብኝ። ልጽፈው አልፈልግም ግን መጣ። እንፋሎት ባይኖር… ነጥቡ ወደ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ይወርዳል። ያንን እንደርስበታለን። ግን ማን ይተኩስ? እኔ ሚዛኑ ላይና ማሽኑ ላይ ነኝ። ትከሻዬም አምና ከደረጃ ከወደቅኩ ወዲህ ካውያ አያነሳም።

ጌታዬ፣ ይሄን ሃሳብ ያመጣኸው አንተ ነህ ወይስ ሌላኛው?

ታኅሣሥ 6

ጉድ ፈላ።

ልጄ የጋዋኗ ቁልፍ ወድቆ ሌላ ልትፈልግ ቆርቆሮውን አነሳች። እኔ ወንበር ላይ ሆኜ አያታለሁ። ወዘወዘችው። ቁልፎቹን ጭኗ ላይ ደፋች፣ ጨርቁን ፈታች፣ ቆጠረች። ለመቁጠር ጊዜ አልወሰደባትም።

«አባዬ?»

«ኪራዩ… የማሽኑ…»

«መቼ?»

«ጥቅምት። ከዚያ ደግሞ ኅዳር።»

ትጮሃለች ብዬ ነበር። ብትጮህ በወደድኩ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ለቅማ መለሰች። አንዱ አልጋው ሥር ተንከባለለ፤ እሱንም ተንበርክካ አወጣችው።

«የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና አልቋል» አለች። «ምዝገባው የካቲት አሥር ይዘጋል። ክፍያው ከሌለ አልመዘገብም፣ አለቀ። ይሄን ዓመት ልለፈው። እኔ ልተኩስ፣ የእንፋሎት ደሞዝ ይቅርልህ።»

«ትምህርትሽስ?»

«በዓመቱ እመለሳለሁ።»

በዓመቱ የተመለሰ ማን አለ? እኔ ስምንተኛ ክፍልን በዓመቱ እመለሳለሁ ብዬ አይደል የወጣሁት?

ይሄን ልላት ይገባኝ ነበር። «እሺ» አልኳት። ያውም ቶሎ። ከትናንት ወዲያ ያሰብኩትን እሷ ስትለው፣ የመጣብኝ ደስታ ነበር… ዕፎይታ። ከራሴ ጋር እንዴት ነው የማድረው?

ታኅሣሥ 8

ለእንፋሎት ነገርኩት። ካውያውን በእጁ እንደያዘ ሰማኝ።

«ጥፋት አለብኝ፣ ጋሼ?»

«የለብህም።»

«ያቃጠልኩት ልብስ?»

«የለም። ነጥቡ ነው… ያ የሂሳብ ልጅ የነገረን። ሸክሙ በዛ።»

«እኔ ነኛ ሸክሙ።» ካውያውን ነቀለ። ገመዱን ሲጠቀልለው እንደ ልጅ ጸጉር በቀስታ ነው። «ሦስት ልጅ አለኝ፣ እነሱም ነጥብ አላቸው። ግድ የለም። በጭስ መጣሁ፣ በጭስ ሄድኩ።»

የወሩን ሙሉ ደሞዝ ልስጠው ስል መሳቢያው ውስጥ አልነበረም። ግማሹን ሰጠሁት። አልቆጠረውም። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ለልጅቷ ንገራት፣ የሐር ልብስ ሲሆን ጨርቅ ደርባ ትተኩስ» አለኝ።

ታኅሣሥ 19

ልጄ ክንዷን አቃጠለች። ትንሽ ናት፣ አለች። ቀይ መስመር። እናቷም እዚያው ቦታ ላይ ነበረቻት እንደዚያች ያለች መስመር።

ጥር 12

ስምንት መቶ ልብስ ተኮሰች በዚህ ሳምንት ብሎ የሚቆጥር የለም። እኔም ኪሎ ነው የምቆጥረው።

ጥር 30

ወር መዝጊያ።

አንድ ሺህ አንድ መቶ ስልሳ ሁለት ኪሎ።

በሃያ አባዛሁ። ሃያ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ አርባ። ሸክሙ ሃያ ሦስት ሺህ። ኪራይ ተከፈለ፣ ዕዳ ተከፈለ፣ ቀለብ አለ። ሁለት መቶ አርባ ብር ተረፈ!

እኩል። እኩል ነኝ። እንዲያውም በጣት ከፍ ብያለሁ።

ባንኮኒው ሥር ተንበርክኬ አመሰገንኩ። ሰው ቢገባ የወደቀ ሳንቲም የምፈልግ እመስለው ነበር። ሰማኸኝ፣ ጌታዬ። የለመንኩህን አልነሳኸኝም።

ልጄን ጠራኋት። «ተመስገን፣ እኩል ነን» አልኳት።

«ተመስገን» አለች።

የካቲት 2

ያች የልጄ «ተመስገን» ከጆሮዬ አልወጣችም። ድምጿን አውቀዋለሁ። የእሷ ድምጽ አይደለም… የእናቷ ነው።

ዛሬ ከቀትር በኋላ ደንበኛ ሲቀንስ ወደ ኋላ ክፍል ገባሁ። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። በግራ እግሯ ተደግፋለች። ግራ እጇ ወገቧ ላይ። አንሶላ እየተኮሰች በሹክሹክታ ታነበንባለች። ጸሎት መሰለኝና ጫማዬን እንኳ ላለማሰማት ቆምኩ። ልጄ ጸሎት ለመደች ብዬ ደስ አለኝ።

ጠጋ አልኩ። ጸሎት አይደለም። የመድኃኒት ስም ነው። ለምን እንደሚሰጥ፣ ስንት እንደሚሰጥ፣ ለእርጉዝ የሚከለከለው። ከፊቷ ግድግዳው ላይ በልብስ መቆንጠጫ የያዘቻቸው ወረቀቶች አሉ፣ በእንፋሎቱ ተጨማድደው ቀለማቸው የወረደ። የማይነበበውን በቃሏ ነው የምትለው።

ሳታየኝ ወጣሁ።

የትኛውን ነው የሰማኸኝ፣ ጌታዬ? እኩል ስልህ ይሄን ነው የሰጠኸኝ? ወይስ… አንተ ምንም አልሰጠኸኝም፣ እኔው ነኝ ከልጄ ወስጄ ለአንተ ያመሰገንኩት?

ደብተሩን ገልጬ ሸክሙ ውስጥ «የልጄ ደሞዝ፣ ሰባት ሺህ» ብዬ ጻፍኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ። ነጥቡ ወዲያው አንድ ሺህ አምስት መቶ ላይ ተመልሶ ቆመ። ካለንበት ሦስት መቶ ምናምን ኪሎ ርቆ። እኩል ሆነን አናውቅም። አንድ ወርም። በነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ ወርም!

ቁጥሩን ከጻፍኩት በኋላ ልሰርዘው ፈለግኩ። ብሰርዘው ነገ ሱቁ ይከፈታል፣ ሁሉም እንደነበረ ይሆናል። ማን ያውቃል? ልጄም አታውቅም።

አልሰረዝኩትም።

የካቲት 3

አከራይዋ ጋ ሄድኩ። በረንዳዋ ላይ የአበባ ማሰሮ ታጸዳለች።

«እትዬ፣ ሱቁን ልለቅ ነው።»

«ውይ ወንድሜ! ምን ሆነህ? ኪራይ ጨመርኩብህ እንዴ?»

«አልጨመሩብኝም። ስገባ ያስያዝኩት የሦስት ወር ቅድሚያ አለ። ሠላሳ ሺህ። እሱን ቢመልሱልኝ።»

ሱቁን ሳይለቅ ቅድሚያውን የሚጠይቅ ሞኝ የለም፤ ይሄን እሷም ታውቃለች፣ እኔም። ለዚህ ነው ብሩ እስከ ዛሬ እዚያ ተቀምጦ ያላየሁት። የሱቁ መልሕቅ እንጂ የእኔ ገንዘብ አድርጌ ቆጥሬው አላውቅም።

መጥታ አየች። የኋላውን ግድግዳ በጣቷ ነካችው፣ ቀለሙ ተልጦ እጇ ላይ ቀረ። «ይሄ እርጥበት የማን ነው?»

«የእኛ ነው። የካውያው።»

«ለቀለም አንድ ሺህ እቀንሳለሁ።»

«ይቀንሱ።»

ከመሄዷ በፊት ዞር ብላ አየችኝ። «ባለቤትህን ከዚያች መስኮት ውጭ ሰው አይቷት አያውቅም ነበር። አንድ ቀን ነይ ወጥተሽ ተቀመጪ ብያት፣ አንሶላ አለብኝ አለችኝ።»



የካቲት 7

ሃያ ዘጠኝ ሺህ ተቀበልኩ። ለሁለት ከፍዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ልጄን ጠራኋት።

«ይሄ አሥራ አምስት ሺህ የምዝገባሽ ነው። ምዝገባው አሥር ላይ አይደል የሚዘጋው? ነገ ሂጂ።»

«አባዬ፣ ሱቁስ?»

«ሱቁ ሌላ ነው። ይሄ አሥራ አራት ሺህ ደግሞ የሁለት ወር ደሞዝሽ።»

ብሩን ወደ እኔ ገፋችው። ተቆጣች፣ ከታኅሣሥ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። «እኔ ሠራተኛህ ነኝ እንዴ? ልጅህ አይደለሁም?»

«ልጄ ስለሆንሽ አይደል ሳልከፍልሽ የቀረሁት።»

«እናቴ ተከፍሏት ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

ውጭ የሰው ጫጫታ ነበር፣ አንድ ሰው ፍሬን ያዘ፣ ሌላው ተሳደበ። ብሩን እንደገና ወደ እሷ ገፋሁት።

«የእሷን የት ሄጄ ልክፈል? አንቺ ያንቺን ውሰጂልኝ። ልመና ነው።»

አለቀሰች። ወሰደች። እኔም… እኔን ተይው።

ሃያ ዘጠኝ ሺህ ገባ፣ ሃያ ዘጠኝ ሺህ ወጣ። እኩል። ኪሴ ባዶ ነው፣ ሱቅ የለኝም፣ የማሽኑ ዕዳ እንዳለ ነው። ፈራሁ። እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም፣ እናቷን የቀበርን ዕለት እንኳ።

የካቲት 9

ማሽኑን ወደ ቤት ማን ያጓጉዘው? እንፋሎትን ፈልጌ ሄድኩ። ግቢ ለግቢ እየዞረ በሰው ቤት ይተኩሳል አሉኝ። አንድ አጥር ሥር የራሱን ካውያ በጨርቅ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎ አገኘሁት።

«ጋሼ! ዶሮዋ ተነሳች?»

«አልተነሳችም። ሱቁን ለቀቅኩ። ማሽኑን የቤቴ ጓዳ ውስጥ ልተክል ነው። በኪሎ አምስት ብር ልክፈልህና ተኩስልኝ። ኪሎ በሌለበት ቀን የምከፍልህ የለኝም፣ አልዋሽህም። በመጣበት ቀን ግን ከሁሉ በፊት ያንተን።»

አሰበበት። ካውያውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወረው።

«ያኔ ግማሽ ደሞዝ ነው የሰጠኸኝ።»

«አውቃለሁ። ስንት እንደሆነ ጽፌዋለሁ።»

«እኔም ጽፌዋለሁ» አለ፣ ግንባሩን በጣቱ እየነካ። ከዚያ፣ «ያን ቡልዶዘር ብቻህን ልትሸከመው ነው? ና፣ እንሂድ።»

አራት ሆነን ተሸከምነው። ደረጃው ላይ ሲደርስ እንፋሎት «ቀስ! ዕዳው ገና አላለቀም!» ብሎ ሲጮህ ሁላችንም በሳቅ ልንለቀው ነበር።

የካቲት 24

ሰው አይመጣም። ጓዳ ውስጥ መሆኔን ማን ያውቃል? የሂሳብ ሠራተኛው ግን አምስት ሸሚዙን ይዞ ጠይቆ ጠይቆ መጣ። የጎደለችውን የእጅጌ ቁልፍ ተከልኩለት።

መጋቢት 30

ወር መዝጊያ። የማሽኑ ክዳን ላይ ደብተሬን ዘርግቼ።

ሸክም፤ የማሽኑ ዕዳ ስምንት ሺህ። የእኔ ደሞዝ ሰባት ሺህ። «የእኔ ደሞዝ» ብዬ ስጽፍ አፈርኩ፤ ግን ቀለቤም ጉልበቴም ሌላ ስም የላቸውም። የእንፋሎት በኪሎ አምስት ከወጣ ተሸካሚው አሥራ አምስት ብር ነው። ነጥቡ አንድ ሺህ ኪሎ።

ያጠብነው ስድስት መቶ አርባ።

ከደሞዜ የደረሰኝ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ብር ነው። የቀረውን ጌታ ያውቃል። ይሄም ወር ሽንብራ በጨው ነው፣ የሚመጣውም እንዲሁ ይመስለኛል። ዕዳው ካልተገፋ ማሽኑን ሊወስዱት ይችላሉ። እኩል አይደለሁም። ሩቅ ነኝ።

ግን ቁጥሩ ውሸት የለበትም። የጎደለው የእኔ ጉድለት ነው፣ የማንም ጀርባ ከሥሩ የለም።

ጸለይኩ። ያችኑ ጸሎት። «እኩል ብቻ» ልል አፌን ከፍቼ… «ማንንም ሳልረግጥ» ብዬ ጨመርኩባት።

ይሄን ጽፌ ሳልጨርስ ልጄ ገባች። ከመድኃኒት ቤት ልምምድ መምጣቷ ነው። ጋዋኗን ሚዛኑ ላይ ሰቀለችው።

«ባለሱቅ፣ ኪሎው ስንት ነው?»

«አርባ አምስት። ለዘመድም አይቀነስም።»

«አቤት ጭካኔ!»

መዘንኩት። ግማሽ ኪሎ። ሃያ ሦስት ብር ከቦርሳዋ አውጥታ መዳፌ ላይ አደረገች። «ሃምሳ ሳንቲሟን ያዛት፣ ጉርሻ ናት» አለችኝ። ተቀበልኳት። ከልጄ ገንዘብ መቀበል እንዲህ ቀላል ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ጋዋኑን ሳገላብጠው ሁለተኛዋ ቁልፍ የለችም። ቆርቆሮውን አወረድኩ። ነጭ፣ ባለ አራት ቀዳዳ… በክር ከተሰኩት ውስጥ አንዷን ፈታሁ። ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ ብሎኝ ልጄ ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች፤ ተዪው አልኳት። በኋላ ገባ። ተከልኩት። ጠማማ ነው፣ ግን ይይዛል።

«የቁልፉስ ስንት ነው?» አለች፣ ቦርሳዋን እንደገና እየከፈተች።

«እሱ ተከፍሏል» አልኳት።

ማን ከፈለው ብላ አልጠየቀችኝም።